የሕይወት ምልክቶች አለካክ፦ የነርሲንግ ተማሪዎች ክህሎት እንዴት ይመዘናል?

የሰውነት ሙቀት፣ የልብ ምት፣ በደቂቃ የሚቆጠር ትንፋሽና የደም ግፊት በጤና ትምህርት መጻሕፍት «የሕይወት ምልክቶች» ተብለው የሚታወቁ፣ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ግን ባለሙያው ሁሉ «ቫይታል ሳይን» እያለ የሚጠራቸው ልኬቶች ሲሆኑ፣ ደም ምን ያህል ኦክስጅን እንደተሸከመ የሚያሳየው የኦክስጅን ሙሌትም ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ከእነርሱ ጋር ተቆጥሯል። አንድ ታማሚ ካርድ አውጥቶ ሐኪም ዘንድ ከመግባቱ በፊት በልየታ ክፍል የሚደረግለት ዋናው ነገር የእነዚህ ምልክቶች ልኬት ነው፤ ተኝቶ የሚታከም ሰውም ሕመሙ እየቀለለለት ወይም እየጸናበት መሄዱ ቀድሞ የሚታወቀው በየጥቂት ሰዓቱ በክትትል ቅጹ ላይ ከሚሞሉት ቁጥሮች ነው። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ይህን ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ ገና በትምህርት ላይ ያሉ የነርሲንግ ተማሪዎች ስለሆኑ፣ ተማሪው የጻፈው ቁጥር የታማሚው ትክክለኛ ቁጥር መሆኑ የሚረጋገጥበት የክህሎት ምዘና ከትምህርት ጉዳይነቱ ይልቅ የታማሚ ደኅንነት ጉዳይነቱ ያመዝናል።

ሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባን የያዘው የካ ክፍለ ከተማና ከበላዩ የተዘረጋው የእንጦጦ ጋራ ይህን ጉዳይ ቀርቦ ለማየት ይመቻሉ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በአዲስ አበባ የጀመረውን ሕክምና ተከትሎ በ1902 ዓ.ም. የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዚሁ አካባቢ የሚገኝ ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራው የጤና ሳይንስ ኮሌጅም ነርሶችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። በምሥራቅ በኩል በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን የኮቪድ ታማሚዎች የተቀበለው ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል አለ። ወደ ሰሜን ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከየካ ሚካኤል አካባቢ በላይ መሬቱ ዳገት ይሆንና ባሕር ዛፍ ወደ ለበሰው ጋራ ይወጣል። የከተማዋ መሐል ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ ከዚያ የሚወርዱ ሰዎች በልየታ ክፍል የሚያስመዘግቡት ቁጥር ለሌላ አገር ከተጻፈ የመማሪያ መጽሐፍ ቁጥር ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም።

ዛሬ ተማሪው የሚለካበት የደም ግፊት መሣሪያ ታሪክም ከዚያው ከዓድዋ ዘመን ይጀምራል። ኢጣሊያዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን መጠቅለያ ያስተዋወቀው የዓድዋ ጦርነት በተካሄደበት እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን፣ ሩሲያዊው የጦር ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 ማዳመጫን ከመጠቅለያው በታች ባለው የደም ቧንቧ ላይ አሳርፎ፣ አየሩ ቀስ እያለ ሲለቀቅ ምቱ የሚሰማበትንና የሚጠፋበትን ነጥብ በማንበብ ላይኛውንና ታችኛውን ግፊት ለይቶ የማወቅ ዘዴን አሳወቀ። የሪቫ ሮቺ የመጀመሪያው መጠቅለያ ጠባብ ስለነበር ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ ያሳይ ነበር፤ ይህ ስሕተት ወፍራም ክንድ በጠባብ መጠቅለያ በተለካ ቁጥር እስከ ዛሬ ይደገማል። በኢትዮጵያ ዘመናዊ የነርስ ሥልጠና በትምህርት ቤት ደረጃ የተጀመረው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1949 በአዲስ አበባ ሲከፈት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተማረ ነርስ ሁሉ ይህንኑ የኮሮትኮቭን ድምፅ በጆሮው መለየት ነበረበት።

ስለ ምዘናው ለመናገር መጀመሪያ ምን እንደሚመዘን መለየት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የሕክምና ትምህርት ሊቅ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረበው ሐሳብ የባለሙያን ብቃት በአራት እርከን ከፍሎ ያያል፤ ታችኛው እርከን ማወቅ፣ ሁለተኛው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሦስተኛው ሠርቶ ማሳየት፣ የመጨረሻው ደግሞ ማንም ሳያዘው በዕለት ሥራው መሥራት ነው። የጽሑፍ ፈተና ከሁለተኛው እርከን አያልፍም። የአዋቂ ሰው የልብ ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100፣ ትንፋሹ ከ12 እስከ 20 መሆኑን አክብቦ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ተማሪ አልጋ አጠገብ ሲቆም ትርታውን ፈልጎ ላያገኝ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመጀመሪያ ዲግሪ የመውጫ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ እንደመሆኑ የተማሪውን እጅ የሚያይበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ የእጁን ሥራ የማየት ኃላፊነቱ በኮሌጁና ተማሪውን ለተግባር ልምምድ በሚቀበለው ሆስፒታል ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛውን እርከን ለመመዘን በሰፊው የሚሠራበት በተማሪዎች ዘንድ «ኦስኪ» የሚባለው የጣቢያ ፈተና ነው። ስኮትላንዳዊው ሮናልድ ሃርደን በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው ይህ ዘዴ፣ ተማሪዎች በደወል እየተመሩ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚዘዋወሩበት፣ በየጣቢያው በተወሰነ ደቂቃ አንድ ሥራ የሚሠሩበት፣ መዛኙም ለሁሉም አንድ ዓይነት በሆነ ዝርዝር መመዘኛ (ቼክሊስት) ነጥብ የሚሰጥበት ሥርዓት ነው። ከእርሱ በፊት ተማሪው የሚፈተነው በደረሰው ታማሚና በገጠመው ፈታኝ ጠባይ ስለነበር፣ የሃርደን ሐሳብ በመሠረቱ ዕድልን ከፈተናው ውስጥ ለማስወጣት የተደረገ ጥረት ነው።

የደም ግፊቱ ጣቢያ ከሁሉም ይልቅ የተማሪውን ማንነት ይገልጣል። ተማሪው እጁን አጽድቶ ይገባል፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ የተቀመጡት አዛውንት ከሆኑ «እማማ፣ ግፊትዎን ልለካ ነው፤ እጅጌዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ» ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል። ታማሚዋ ቢያንስ 5 ደቂቃ አርፈው፣ ጀርባቸው ተደግፎ፣ እግራቸው ሳይነባበር ወለሉን ረግጦ፣ ክንዳቸው በልብ ትይዩ በጠረጴዛ ላይ ማረፉን መዛኙ ይመለከታል። ክንድ ከልብ በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ልኬቱ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ክንዱ እንዲያው ተንጠልጥሎ ሳለ የለካ ተማሪ ጤነኛውን ሰው የግፊት ታማሚ ሊያደርገው ይችላል። በመጠቅለያው ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት የክንዱን ዙሪያ 80 ከመቶ ያህል መሸፈን አለበት። ከዚያ ጀማሪዎች አዘውትረው የሚዘልሉት ደረጃ ይመጣል፤ ተማሪው ማዳመጫውን ከማሳረፉ በፊት በእጅ አንጓ ላይ ያለውን ትርታ በጣቱ እየዳሰሰ መጠቅለያውን ነፍቶ ትርታው የሚጠፋበትን ቁጥር ያያል፤ አየሩን ለቅቆም ሁለተኛ ሲነፋ ከዚያ ቁጥር በ30 ሚሊ ሜትር አስበልጦ ይነፋል። ይህ የሚደረገው በአንዳንድ ታማሚዎች ድምፁ መሐል ላይ ጠፍቶ እንደገና ስለሚመለስ፣ ያለ ቅድመ ዳሰሳ የሚለካ ሰው የታችኛውን መመለሻ እንደ ላይኛው ግፊት ቆጥሮ 180 የሆነውን 150 ብሎ ሊጽፍ ስለሚችል ነው። አየሩ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ እያለ መለቀቅ አለበት፤ የቸኮለ ጣት ቫልቩን አብዝቶ ሲከፍት መርፌው 10 ሚሊ ሜትር ተንሸራትቶ የመጀመሪያው ድምፅ ያመልጣል።

የእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ መሟላት ግን ቁጥሩ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። እርምጃዎቹን በሙሉ ያሳየና ምንም ያልሰማ ተማሪ «120 በ80» ብሎ ቢጽፍ ከዝርዝር መመዘኛው ብቻ የሚነሣ ፈተና ያሳልፈዋል። ለዚህ ያለው መድኃኒት ባለሁለት ጥንድ ጆሮ ማስተማሪያ ማዳመጫ ነው፤ ተማሪውና መዛኙ አንዱን ድምፅ በአንድ ጊዜ ሰምተው ሳይነጋገሩ ቁጥራቸውን በየወረቀታቸው ይጽፋሉ፤ ልዩነቱ አስቀድሞ ከተወሰነ ገደብ፣ ለምሳሌ ከ4 ሚሊ ሜትር፣ ካለፈ ልኬቱ ይደገማል። የመጨረሻ አኃዞችን መመልከትም ብዙ ይናገራል። የእጅ መለኪያ በ2 ሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ስለሆነ በ0፣ በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 የሚያልቁ ንባቦች ተቀራራቢ ብዛት ሊኖራቸው ሲገባ፣ የአንድ ተማሪ መዝገብ በዜሮ በሚያልቁ ቁጥሮች ብቻ ከተሞላ ተማሪው እያጠጋጋ ወይም እየገመተ ነው። የደም ግፊት በሽታ መነሻ 140 በ90 ተብሎ ስለተወሰነ፣ 136ን ወደ 140 ማጠጋጋት አንድን ሰው ሳያስፈልገው ለዓመታት ክኒን ሊያስውጥ ይችላል።

ትንፋሽ ቆጠራ ቀላል መስሎ ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋ ልኬት ነው። ታማሚው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚለውጥ፣ የሠለጠነ እጅ ትርታውን ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ጣቱን ከአንጓው ላይ ሳያነሣ የደረቱን መነሣትና መውረድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራል። በብዙ አገር ሆስፒታሎች የክትትል ቅጾች ላይ ከአልጋ አልጋ አንድ ዓይነት የትንፋሽ ቁጥር ተጽፎ መገኘቱ የታወቀ ችግር ነው፤ ሳይቆጠር የተጻፈ መሆኑም ከራሱ ከቁጥሩ ይነበባል። በሕፃናት ላይ ደግሞ ይህ ልኬት ብቻውን ሕክምናን ይወስናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሳል ያለበት ሕፃን ከ2 ወር በታች ከሆነ በደቂቃ 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር ባለው 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለው 40 እና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ ፈጣን ትንፋሽ ብሎ ይቆጥረዋል። በእናቱ እቅፍ የሚያለቅስ ሕፃን ግን አይቆጠርም፤ ጡት ጠብቶ ጸጥ እስኪል መጠበቅም የክህሎቱ አካል ስለሆነ ነጥብ ሊሰጠው ይገባል።

የሙቀት ልኬት በዲጂታል ቴርሞሜትር ቀላል ሆኗል፤ በብብት የተለካ ሙቀት በአፍ ከተለካው በግማሽ ዲግሪ ገደማ እንደሚያንስ ማወቅና የተለካበትን ቦታ አብሮ መጻፍ ይበቃል። ተከታታይ ልኬት ሕይወት የሚያድንበት ሁኔታ ግን አለ። በቅማል በሚተላለፈው በግርሻ ትኩሳት የተያዘ ሰው የመጀመሪያውን የጸረ ተህዋስያን መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያንቀጠቅጠውና ሙቀቱ ይንራል፤ ከዚያም የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። በነዚያ ሰዓታት በአጭር በአጭር ጊዜ የሚለካ ነርስ አደጋውን ቀድሞ ያያል፤ በየስድስት ሰዓቱ የሚለካ ግን አይደርስበትም።

የእንጦጦ አካባቢ ለምዘናው የራሱን ጥያቄዎች ይጨምራል። የአየር ግፊት በአዲስ አበባ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ፣ በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ፣ የጤነኛ ሰው የኦክስጅን ሙሌት ከባሕር ዳርቻ ነዋሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢገኝ አያስደንቅም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ የታተመው ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአማካይ 95 ከመቶ ገደማ ሙሌት እንዳላቸው ስላሳየ፣ 85 ከመቶ ያየ ተማሪ «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ አይገባውም። በጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ በብርሃን የሚሠራ በመሆኑ በጠዋት ብርድ የደረቀ ጣትና የጥፍር ቀለም ያሳስቱታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ደግሞ መሣሪያው በጥቁር ታማሚዎች ላይ የተደበቀ የኦክስጅን ማነስን ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ደጋግሞ እንደሚስት አሳይቷል። ጥሩ ተማሪ ጣቱን ያሞቃል፣ ቀለሙን ያስለቅቃል፣ በመሣሪያው ላይ የሚታየው የምት ቁጥር በእጁ ከቆጠረው ጋር መግጠሙን ያረጋግጣል፣ ከዚያ በኋላ ይጽፋል።

በእንጦጦ ጫካ የሚሠለጥን ሯጭ ዕረፍት ላይ እያለ የልብ ምቱ ከ50 በታች ቢሆን በሽታ ላይሆን ይችላል፤ እንጨት ተሸክማ ዳገት ቁልቁለቱን የመጣች እናት ደግሞ ወዲያው ብትለካ ምቷም ግፊቷም ከፍ ብሎ ይገኛል። በብርድ ምክንያት የሚደረበው ጋቢና ሹራብ ሳይወልቅ መጠቅለያውን በላዩ መጠምጠም፣ ወይም ጠባብ እጅጌ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንድን እንዲያንቅ መተው በዚህ አካባቢ ሊፈተን የሚገባው ስሕተት ነው። እነዚህን ሁኔታዎች በኮሌጁ የክህሎት መለማመጃ ክፍል (ስኪል ላብ) ባለው የፕላስቲክ ክንድ ላይ መፍጠር አይቻልም፤ እርስ በርሳቸው የሚለካኩ ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶችም አያሳዩዋቸውም። ስለዚህ የስኪል ላቡ ምዘና መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ ሊሆን አይችልም፤ የሚለር አራተኛ እርከን የሚታየው መዛኙ ሳይታወቅ በዋርድ ውስጥ ተማሪው ከለካ በኋላ ያንኑ ታማሚ ወዲያውኑ ደግሞ ሲለካና ሁለቱን ቁጥሮች ሲያስተያይ ነው።

አሁን ባለው አሠራር ትልቁ ጉድለት ለጥርጣሬ ነጥብ አለመሰጠቱ ነው። «አልሰማሁም፤ አንድ ደቂቃ ጠብቄ እንደገና ልለካ» የሚል ተማሪ ጊዜ እንደባከነበት፣ የሌለ ቁጥር በድፍረት የሚጽፈው ደግሞ እንደ ቀልጣፋ የሚቆጠርበት ፈተና ነገ በዋርድ ውስጥ የሚገምት ነርስ ያፈራል። ተማሪ የምትቀበሉ ነርሶችና መምህራን ሆይ፣ በቼክሊስታችሁ ላይ «ያልሰማውን አልሰማሁም ብሎ እንደገና ለካ» የሚል መስመር ጨምሩ፤ ሙሉ ነጥብም ስጡት፤ ተማሪውም ወደ ሥራ ከመሰማራቱ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከእውነተኛ ታማሚ አጠገብ በባለሁለት ጆሮው ማዳመጫ አብራችሁ ስሙ።