የበርበሬው ብር ወዴት ይግባ?

ጥር 2017 ላይ ነው። ቡሬ ያለችው አክስቴ በርበሬዋን ሸጣ፣ ብሩን ገና ከመቀነቷ ሳትፈታ ደወለችልኝ። «አንቺ ስለ ገንዘብ ተምረሻል። አክሲዮን የሚሉትን ልግዛበት ወይስ ጊደር ልጨምርበት?» አለችኝ። በእጇ ያለው 60,000 ብር ነው። ቢዝነስ ተምሬያለሁ፣ ሥራዬም ማርኬቲንግ ነው፤ ዕቃ እንዴት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። የአክስቴን ዓይነት ጥያቄ ግን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ አላመጡልንም።

በዚያ ሰሞን ወሬው ሁሉ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ነበር። ኩባንያው ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን አንዱን በ300 ብር በቴሌብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ትንሹ የሚገዛው 33 አክሲዮን ነው፤ 9,900 ብር ማለት ነው። ጥር 2 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፤ ወጋገን ባንክም በገበያው የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። በንጉሡ ዘመንም አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን ይገበያይ ነበር። በ1967 ኩባንያዎች ሲወረሱ ግን ነገሩ ተቋረጠ። እናም ገበያው ለአክስቴ ብቻ ሳይሆን ለእኔም አዲስ ነው።

ለአክስቴ ከመመለሴ በፊት የራሴ ጠባሳ ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥረታ ላይ ከነበረ አንድ ባንክ 40 አክሲዮን ለመግዛት ፈረምኩ። የአንዱ ዋጋ 1,000 ብር ነበር። ሩቡን 10,000 ብር ከፈልኩ፤ ለአገልግሎት ተብሎ 5 በመቶ፣ 2,000 ብር ተጨመረ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። የፈረምኩት ግን 30,000 ብር ዕዳ ጭምር እንደሆነ ልብ አላልኩም። ቀሪውን ክፈሉ የሚለው ጥሪ የመጣው እናቴ ታማ ባሕር ዳር በተመላለስንበት ወር ነው። አክሲዮኑን ልሽጥ ብል ማን ይገዛኛል? ከባለቤቴ ጋር መክረን፣ የዕቁብ ዕጣ ከወጣላት ጎረቤት ተራ ተቀያይረን ከፈልን። ያን ጊዜ ዋጋው አንድ ብር አልወረደም። የከሰርኩት ብሩ በሚያስፈልገኝ ቀን እጄ ላይ ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ለአክስቴ ያቀረብኩላት የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ትርፍ አልነበረም። «እስከ መስከረም ምን ወጪ አለብሽ?» አልኳት። ማዳበሪያ፣ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተው የሚማሩት የሁለት ልጆች ኪራይና ስንቅ፣ ዕድር፣ የክርስትና እናት የምትሆንበት ድግስ... እየቆጠረች 35,000 ደረሰች። ለድንገተኛ ሕመም 10,000 አስቀመጥን። ቀሪው 15,000 ነው። አክሲዮን ሊገዛበት የሚችለው ብር ይኸው ነው፤ 60,000ው አይደለም።

«ታዲያ ባንክ ላስቀምጠው?» አለች። ይህም ጥያቄ ቀላል አይደለም። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ የቁጠባ ወለድ ግን 7 በመቶ ላይ ነበር፤ ብር ቁጭ ብሎም ይከስራል። ቢሆንም ለማዳበሪያ የታሰበ ብር ለማዳበሪያው ቀን መድረስ አለበት።

አክሲዮን በብዛት በሚገበያይባቸው አገሮች ሰዎች የሚከተሉት አንድ ልማድ አለ። በአንድ ግዢ ላይ ቢበዛ የካፒታላቸውን 2 በመቶ ብቻ ለኪሳራ ያጋልጣሉ። 100,000 ብር ያለው ሰው 2,000 ብር ማለት ነው። በ300 ብር የገዛውን 270 ሲደርስ ለመሸጥ ከወሰነ፣ በአንዱ የሚያጣው 30 ብር ነው፤ ስለዚህ ከ66 አክሲዮን በላይ አይገዛም። ስሌቱ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ «270 ሲገባ ሽጡልኝ» የሚለው ትእዛዝ የሚሠራው በዚያ ዋጋ የሚገዛ ሰው ሲኖር ነው። የእኛ ገበያ ገና ጀማሪ ነው፤ ገዢና ሻጭ በየደቂቃው አይገናኙም። ለእኛ ቢጤ አስተማማኙ መከላከያ የምናስገባው ብር መጠን ነው። ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የቤቱን ምጣድ የማያቀዘቅዝ መሆን አለበት። ተበድሮ መግዛትን ጭራሽ አልመክርም፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ሊወርድ ይችላል፣ ብድሩ ግን አይወርድም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ሒሳብ አለ። 10,000 ብር የወጣበት አክሲዮን 5,000 ቢገባ የወረደው በግማሽ ነው። ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን እጥፍ መሆን ይኖርበታል። በ20 በመቶ የወረደው 25 በመቶ መውጣት አለበት። ስለዚህ ትልቅ ኪሳራን ማስቀረት ትልቅ ትርፍ ከማግኘት ይቀድማል።

አንድ ቦታ ብቻ ስለማዋል ለአክስቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ቡሬ አካባቢ በርበሬ የተወደደ ዓመት ሁሉም በርበሬ ይተክላል፤ በቀጣዩ ዓመት ገበያው ይሞላና ዋጋው ይወድቃል። እሷ ግን ግማሹን ማሳ ለበቆሎ፣ ጥቂቱን ለዳጉሳ ሳትተው በርበሬ ተክላ አታውቅም። ዝናቡ በዝቶ በርበሬው የጠወለገ ጊዜ ቤቱን ያወጣው በቆሎው ነው። ይገርመኛል፤ ደመወዙም፣ ቁጠባውም፣ አክሲዮኑም ከአንድ ባንክ የሆነ የተማረ ሰው ስንት አውቃለሁ!

«ሰኔ ላይ ብፈልገውስ ይመልሱልኛል?» አለችኝ በመጨረሻ። አይመልሱም። ኩባንያው የሸጠውን አክሲዮን ተቀብሎ ብር የመመለስ ግዴታ የለበትም። ልትሸጪ የምትችዪው ለሌላ ገዢ ነው፤ እሱም ሲገኝ፣ በሚሰጥሽ ዋጋ። ይህን ስነግራት ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት። «አለሁ፤ እያሰብኩ ነው» አለች።

ሽያጩ የካቲት ላይ ሲዘጋ የተሸጠው ከ100 ሚሊዮኑ 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። ገዢዎቹ ከ47 ሺህ በላይ ናቸው። አንዷ አክስቴ ናት። 33 አክሲዮን ገዛች። በተረፈው 5,100 ብር ጊደር ስለማይገኝ ሁለት በግ ጨመረችበት። ከቴሌብር የመጣላትን መልእክት ልጇ ሁለት ጊዜ አነበበላት። ከዚያም ስልኩን ተቀብላ፣ «በጎቹን ግባቸውና ና» አለችው።