«የራምቦ ቤት» በሐረር፤ ስሙና አሠራሩ

አንድ አሮጌ ቤት ታድሶ ለሕዝብ በተከፈተ ጊዜ፥ ጎብኚው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ኖረበት?» ብሎ ነው። «ማን ሠራው? ስለ ምንስ እንዲህ አድርጎ ሠራው?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ፥ በሐረር ከተማ በጁገል ግንብ ውስጥ የሚገኘውንና «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጠራውን ቤት ምሳሌ አድርገን፥ ሁለተኛው ጥያቄ ሲዘነጋ ምን እንደሚጠፋ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። አርቱር ራምቦ በ1847 ዓ.ም. የተወለደ ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነው። ቅኔውን ገና በወጣትነቱ ትቶ ወደ ንግድ ስለ ዞረ፥ በኤደን ወደብ ቡና ይነግዱ ለነበሩ ፈረንሳውያን ተቀጥሮ በ1873 ዓ.ም. ሐረር ገባ። ከተማይቱ ያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች፤ ግብፆች የያዟት በ1868 ዓ.ም. ሲሆን ለቀው የሄዱት በ1877 ዓ.ም. ነው። ራምቦ እየሄደና እየተመለሰ ሦስት ጊዜ በሐረር ተቀምጧል፤ በ1875 ዓ.ም. ከአገሩ ባስመጣው የፎቶግራፍ መሣሪያም ራሱንና ከተማይቱን አንሥቷል። በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱን በጽኑ ስለ ታመመ በቃሬዛ እስከ ዘይላ ወረደ። ከዚያም በማርሴይ ከተማ እግሩ ተቈርጦ፥ በኅዳር ወር 1884 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ሞተ።

ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቤት ግን አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው፥ ባለቅኔው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ቀድሞ በዚያው ቦታ በነበረ ሌላ ቤት ራምቦ ተቀምጦበታል የሚሉ አሉ። ይህ እውነት ቢሆን እንኳ፥ አሁን የምናየው እንጨትና መስታወት እርሱን አያውቀውም።

እንግዲያስ ቤቱ ራሱ ስለ ማን ይመሰክራል? ይህን ለመረዳት ከአካባቢው ቤቶች ጋር ማስተያየት ይበቃል። «ጌ ጋር» የሚባለው የሐረሪዎች ቤት በድንጋይና በጭቃ የታነጸ፥ ጣራው ጠፍጣፋ የሆነ ነው። ወደ መንገድ የሚያሳየው ደረቅ ግድግዳ ብቻ ሲሆን፥ በሩ የሚከፈተው ወደ ግቢው ውስጥ ነው። ከውስጥ ሲገቡ «ነደባ» የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ይታያሉ፤ እያንዳንዱም መደብ የራሱ ስም አለው፤ ማን በየትኛው እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። በግድግዳው ላይ ዕቃ ማስቀመጫ መስኮች ተበጅተዋል፤ ስፌቶችም ተሰቅለዋል። እንዲህ ያለው ቤት ለቤተ ሰቡ ይከፈታል፥ ለመንገደኛው ይዘጋል።

«የራምቦ ቤት» የተሠራው በዚህ ተቃራኒ ነው። ፎቅ ነው፤ ፊቱ በተጠረበ እንጨት ያጌጠ፥ መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት፥ ኮርኒሱም በሥዕል የተዋበ ነው። ከላይኛው ክፍል የከተማው ጣራ ይታያል። ባለቤቱ አይቶ ለመታየትም ጭምር እንዳሠራው መልኩ ይናገራል፤ ይህም የነጋዴ ጠባይ ነው።

ነገሩ በአንድ ቤት የሚያበቃ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ የህንድ ነጋዴዎች ወደ ከተማይቱ መጥተው፥ በረንዳው ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት ባለ አራት ማዕዘን ፎቅ ቤት አስለመዱ። ቆይቶም የሐረሪውንና የህንዱን አሠራር የቀላቀለ ሦስተኛ ዓይነት ቤት ተወለደ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፥ ከመስጊዶቹና ከግንቡ ጋር እነዚህን የቤት ዓይነቶች ጠቅሷል።

«ስሙ ምን ይጐዳል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በእርግጥም ስሙ ብዙ ጠቅሟል። ሩቅ አገር ያለውን እንግዳ የሚጠራው የባለቅኔው ዝና ነው፤ ቤቱ ታድሶ ሙዚየም እንዲሆንና የቀድሞዋ ሐረር ፎቶግራፎች እንዲታዩበት የረዳውም ይኸው ዝና ነው። ባለ ስም እንግዳ ያላገኙ ሌሎች አሮጌ ቤቶች ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። ስለዚህ ስሙ ይፋቅ አንልም።

ነገር ግን ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ቤት ማደስ ምርጫ ነው፤ የበሰበሰውን እንጨት በምን ዓይነት እንጨት እንደሚተኩ፥ የደበዘዘውን ቀለም በምን ቀለም እንደሚያድሱ መቍረጥ ይጠይቃል። ጠጋኙ የባለቅኔ ቤት እጠግናለሁ ብሎ ከተነሣ፥ የህንዱን አሠራር እንደ ትርፍ ጌጥ ሊቈጥረው ይችላል። የነጋዴ ቤት መሆኑን ካወቀ ግን እያንዳንዱን ቅርጽ እንደ ሰነድ ይጠብቀዋል። ከዚህም ሌላ፥ በሥራው ከተማይቱን የለወጠ ነጋዴና መጥረቢያ የያዘው ሠራተኛ ተረስተው፥ በቤቱ ያልኖረ ሰው ብቻ ሲታወስ፥ ታሪክ በዝና ብቻ የሚገኝ ነገር ይመስላል።

መድኃኒቱ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። በበሩ ላይ ከራምቦ ስም ጐን ቤቱን ማን እንዳሠራውና መቼ እንደ ተሠራ በግልጽ ይጻፍ፤ አስጎብኚውም ከዚያ ይጀምር። እኛ ተማሪዎችም ወደ እንዲህ ያለ ቤት ስንገባ አስቀድመን ጣራውንና ግድግዳውን፥ በሩንና መስኮቱን እንመልከት፤ የተሰቀለውን ጽሑፍ ከዚያ በኋላ እናንብብ። ሁለቱ ባልተስማሙ ጊዜ ግድግዳውን አምነን ጽሑፉን እንመርምር።