ስለ በጎ አመለካከት ለመምህራን፦ የነቀምቷ አስቴር ጋኖ

ለመምህራን ስለ በጎ አመለካከት ስልጠና ሲሰጥ ወሬው ፈገግታ ላይ ይበዛል። እኔ ግን በምሳሌነት የምጠራው አስቴር ጋኖን ነው። በልጅነታቸው በባርነት ተይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከበኞች አስጥለዋቸው ምፅዋ አቅራቢያ እምኩሉ ባለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

በቋንቋቸው በኦሮምኛ መማሪያ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። አስቴር የሚያውቋቸውን ተረቶች፣ ዘፈኖችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች በመቶዎች ጻፉ። ከወንጌል ሰባኪው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጁት ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ፤ በግዕዝ ፊደል! እ.ኤ.አ. በ1904 ወለጋ መጥተው ነቀምት ላይ ማስተማር ጀመሩ። ኦኔሲሞስ ተከሰው ስብከት ሲከለከሉ እንኳ አስቴር ማስተማሩን አልተዉም።

በጎ አመለካከት የምለው ይህን ሥራ ነው (ፈገግታውም አይከፋም)። መጽሐፍ ከዘገየባችሁ፣ ልጆቹ ከአያቶቻቸው አንድ ተረት ይዘው ይምጡ፤ ሰሌዳ ላይ ጻፉትና አስነብቧቸው።