የድሬዳዋው ባቡር፦ ዝገት ወይስ ቅርስ?

አንበሳሜ ወይም ባሕር ዳር ዙሪያ ላደገ ሰው «ባቡር» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ወፍጮ ነው። እህል «ባቡር ቤት» ይወሰዳል፤ ሐዲድ የሚያስብ የለም። ልጆችዎ ደግሞ ባቡርን የሚያውቁት በካርቱን ፊልም ነው፤ ጭስ እየተፋ የሚያፏጨውን። ያ ባቡር ግን እኛም አገር ነበር።

አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. የሐረርን ዳገት ትቶ ከሥሩ ቆመ፤ ድሬዳዋም በዚያው ተወለደች። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ከጂቡቲ 784 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የናፍጣ ሞተር እስኪተካው ድረስ ይህን ሁሉ መንገድ የጎተተው እንፋሎት ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሞተር እንዴት ይታደሳል? ቀለም በመቀባት ብቻ ከመሰለዎት አይደለም። ዋናው ነገር ቦይለሩ ነው። በሻይ ማፍያዎ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያስቡት፤ በቦይለሩ ቱቦዎች ላይም እንደዚያው ይጋገርና ብረቱን ያስበላል። ስለዚህ ቱቦዎቹ ይወጣሉ፣ የብረቱ ውፍረት ይለካል፣ የሳሳው ይቀየራል። ቀጥሎ በውኃ ተሞልቶ፣ ሲሠራ ከሚሸከመው በላይ በሆነ ግፊት ይፈተናል። በውኃ የሚፈተነው ቢሰነጠቅ እንደ እንፋሎት ስለማይፈነዳ ነው። የድሮ ሞተሮች መሸፈኛ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ልምድ የሌለው ሰው ባይነካው ይመረጣል።

ወጪውስ? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1923 የተሠራውን «ፍላይንግ ስኮትስማን» ለማደስ አሥር ዓመትና 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቶባቸዋል። የኤርትራው ታሪክ ግን ለእኛ ይቀርባል፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተመልሰው በ1930ዎቹ የተሠሩትን የጣሊያን ሞተሮች አስነሱ፤ የምፅዋ–አስመራ መስመርም እ.ኤ.አ. በ2003 ተጠናቀቀ። ገንዘቡ ሳይሆን እጁ ነበራቸው።

የእኔም ስጋት እዚህ ላይ ነው። ብረት ቆሞ ይጠብቃል፤ ባለሙያው ግን ያረጃል። በሥራዬ ማርኬቲንግ ላይ ነኝና የሚሮጥ ባቡር ምን ያህል ቱሪስት እንደሚስብ አይጠፋኝም። ቢሆንም ከመሮጡ በፊት ጣሪያ ይሠራለት፤ የአዛውንቶቹ ዕውቀትም በቪዲዮ ይቀረጽ እላለሁ።

ድሬዳዋ ከሄዱ ጣቢያውን ብቻ አይተው አይመለሱ፤ የጥገና ክፍሉን ለማየት ፈቃድ ይጠይቁ። አሮጌዎቹ ቶርኖዎችና ፉርጎዎች እዚያ ናቸው። ለልጆቹ ሽፍን ጫማ ያድርጉላቸው፤ መሬቱ ላይ ብረት አይጠፋም።