የሮማውያንን ጥሩር መልሶ መልበስ ምን ያስተምራል?

በእንግሊዝ አገር ግሎስተርሻየር ውስጥ በ1972 ኧርሚን ስትሪት ጋርድ የሚባል ማኅበር ተቋቋመ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባላቱ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የነበረውን የሮማውያን ጦር የሃያኛውን ሌጌዎን ወታደር ጥሩር፣ ራስ ቁርና ጋሻ መልሰው እየሠሩና እየለበሱ ይሰለፋሉ። ተመሳሳይ ቡድኖች በጀርመን፣ በስፔንና በጣሊያንም አሉ። ብዙ ሰው ነገሩን የትልልቅ ሰዎች ጨዋታ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን በጥንቃቄ ሲሠራ መጽሐፍ ብቻውን የማይሰጠውን እውቀት ያስገኛል ባይ ነኝ፤ ትልቁ ጥቅሙም የተሳሳተ ግምትን ማጋለጡ ነው።

በ1964 በሰሜን እንግሊዝ ከኮርብሪጅ አንድ ሣጥን ተቆፍሮ ወጣ፤ ውስጡ የዛጉ የጥሩር ክፍሎች ነበሩበት። ከዚያ በፊት የዚህ ጥሩር አሠራር ይታሰብ የነበረው በአብዛኛው በሮም ከተማ የትራጃን ዓምድ ላይ ከተቀረጹት ወታደሮች በመነሣት ነው፤ ብረቱ ከቆዳ ሰደርያ ጋር የተያያዘ ነው የሚል ግምትም ነበር። በለንደን ታወር የጦር ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራ የነበረው ራስል ሮቢንሰን ግን የሣጥኑን ብረት አጥንቶ ጥሩሩን መልሶ ሠራው። ዝርግ ብረቶቹ ከውስጥ በኩል በቆዳ ጠፍር ላይ በምስማር የተመቱ ናቸው፤ ሰውየው ጎንበስ ሲል አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ጥሩሩ ከተለበሰ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ፤ ስስ የናስ ማጠፊያዎቹና ዘለበቶቹ ቶሎ ቶሎ ይሰበራሉ። በሮማውያን ሰፈሮች ቁፋሮ እነዚህ ቁርጥራጮች ለምን እንደሚበዙ በዚህ ይገባናል።

የኮርቻው ጉዳይ ከዚህም ይልቃል። ሮማውያን እርካብ ስላልነበራቸው ፈረሰኛቸው ተደላድሎ መዋጋት አይችልም ሲባል ኖሯል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፒተር ኮኖሊ ከቁፋሮ የተገኙትን የኮርቻ ቆዳዎችና የናስ ቀንዶች መነሻ አድርጎ ባለ አራት ቀንዱን ኮርቻ ሠራ፤ የተቀመጡበት ፈረሰኞችም ቀንዶቹ ጭናቸውን አጥብቀው እንደሚይዙ አረጋገጡ። ስለ ሥልጠናም እንዲሁ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ቬጌቲዩስ ምልምሉ በተተከለ ግንድ ፊት፣ ክብደታቸው እጥፍ በሆነ ጋሻና የእንጨት ሰይፍ እንደሚለማመድ፣ ከመቁረጥ ይልቅ መውጋትን እንደሚማር ጽፏል። ሰፊውን ጋሻ ይዞ በጠባብ ሰልፍ የቆመ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ያገኘዋል፤ ክንዱን ወደ ላይ ሲያነሣ ብብቱ ይጋለጣል፣ ጎረቤቱንም ይገፋል።

በደነዘ ሰይፍ የሚጫወት ሰው ሞትን አይፈራም፣ የሳምንት መጨረሻ ልምምድም የሃያ አምስት ዓመት አገልግሎትን አይተካም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ልክ ነው። በውጊያ መካከል የወታደሩ ልብ ምን ይል እንደነበር ከእነዚህ ሰዎች የሚማር ይሳሳታል። ማጠፊያው ግን ለመሰበር የለባሹን ፍርሃት አይጠብቅም፤ ኮርቻውም የሚይዘው ጀግናውንም ፈሪውንም ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ቅርብ ነው። ሙሶሊኒ አገራችንን ወርሮ በ1936 ኢምፓየር ሲያውጅ በጥንቷ ሮም ስም ነበር። በ1937 ከአክሱም ተወስዶ በ2005 የተመለሰው ሐውልትም ለብዙ ዓመታት የቆመው ሰርከስ ማክሲመስ አጠገብ ነው፤ ዛሬ በዚያው ሜዳ በሮም ልደት በዓል የሌጌዎን ልብስ የለበሱ ሰዎች ይሰለፋሉ። ይህን የሚያስታውስ ሰው ሰልፉን በጥርጣሬ ቢያይ አልፈርድበትም። ሆኖም ፋሺስቶቹ ያሳዩት ዕብነ በረዱንና ድሉን እንጂ ድካሙን አልነበረም። ጀርመናዊው ማርኩስ ዩንከልማንና ጓደኞቹ በ1985 የሌጌዎን ትጥቅ ተሸክመው ከቬሮና እስከ አውግስቡርግ አልፕስን ሲያቋርጡ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዙት ትከሻ በሚሰብር ሸክም ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ኢምፓየሩ በማን ጉልበት እንደቆመ ያሳያል። ድሉን ብቻ እያሳየ የተሸነፉትንና በባርነት የተሸጡትን የሚያስረሳ ቡድን ግን ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም፤ የጥሩሩ ትክክለኛነትም አያድነውም።