የአሮጊት ድመት ጆሮ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ድመት የምትያዘው ከሁሉ በፊት ለእህል ዘብነት ነው። ደጋው ላይ ገብስና ስንዴው፣ ወደ ቆላው ሲወረድ ጤፍና ማሽላው ጎታ ከገባ በኋላ ከአይጥ ጋር የምትፋለመው እሷ ናት። አይጦች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት በአብዛኛው የሰው ጆሮ በማይደርስበት ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሰው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ሲሰማ፣ ድመት ከ60 ኪሎኸርዝ በላይ ትሰማለች። በጨለማ አይጧ ያለችበትን ሥፍራ የምትለየውም ሁለቱን ጆሮዎቿን ለየብቻ እያዞረች ነው። ጆሮዋን ስታክክ የምትውል አሮጊት ድመት እንግዲህ የሥራ መሣሪያዋ ታሟል ማለት ነው።

«አርጅታ ነው» ብሎ መተው የተለመደ ነው። በእርግጥ እርጅና መስማትን ያደክማል፤ ግን ያደነቁራል እንጂ አያሳክክም። «ቅንቅን ነው» የሚለው ግምት ይሻላል፣ ሆኖም የጆሮ ቅንቅን በብዛት የሚያጠቃው የድመት ልጆችን ነው። ከእናት ወደ ልጅ በመነካካት ይተላለፋል፣ በ3 ሳምንት ገደማ ከእንቁላል ወደ አዋቂ ያድጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጆሮ ይዞ የቡና ዝቃጭ የመሰለ ጥቁር ኩክ ይሞላል። አሮጊቷንም ሊይዛት ይችላል። ዕድሜዋን ሙሉ ጤነኛ የነበረች ድመት ከ10 ዓመት በኋላ አንድ ጆሮዋን ብቻ ማከክ ከጀመረች፣ ጆሮውም ከሸተተ፣ መግል ወይም ደም ካወጣ ግን ሌላ ነገር መጠርጠር አለበት። የድመት የጆሮ ቧንቧ ቁልቁል ወርዶ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ፈሳሹ ይታቆርና ባክቴሪያና ፈንገስ ይራባበታል። በዚህ ዕድሜ በኩክ አመንጪ ዕጢዎች ላይ የሚበቅል እባጭም አለ፤ በድመት ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካንሰር ሆኖ ይገኛል። አንገቷ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመና ስትራመድ ከተንገዳገደች ሕመሙ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ዘልቋል።

ነጭ ጆሮ ያላት ድመት ጉዳይ ለብቻው መታየት ይገባዋል። በዚሁ አካባቢ ያሉት ንፋስ መውጫና የጉና ተራራ ዙሪያ 3000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር ይበረታል። ፀጉሩ የሳሳ ነጭ የጆሮ ጫፍ ለዓመታት ሲመታ ቆይቶ በእርጅና ጊዜ የማይድን ቅርፊት ያወጣል። እከክ ይመስላል፤ የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት የተጎዳውን ጫፍ በቀዶ ጥገና ማንሳት ይበቃል።

የእንስሳት ክሊኒኩ ለበሬና ለበግ ነው፣ ማን ድመት ተሸክሞ ይሄዳል የሚል አይጠፋም። ድመት ሞልታ የለ ወይ ይባላልም። ነገር ግን የድመት ልጅ አዳኝ እስክትሆን ወራት ያስፈልጋታል፤ በመሃሉ የሚረጨው የአይጥ መርዝ ደግሞ የተመረዘች አይጥን የበላች ድመትንም ሊገድል ይችላል። ለበግ እከክ የሚሰጠው አይቨርመክቲን የጆሮ ቅንቅንንም ይገድላል። አደጋው ልኬቱ ላይ ነው፦ 1 በመቶ ከሆነው መርፌ 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ እንስሳ የሚበቃ ሲሆን፣ ለ3 ኪሎ ድመት የሚበቃት ከዚያ አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በግምት ሳይሆን በባለሙያ እጅ ይሰጥ። ላምባም ሆነ በግ የሚነከርበት ዲያዚኖን ግን ድመት ላይ ጨርሶ አይደረግም፤ ገላዋን እየላሰች ስለምታጸዳ የተቀባችውን ሁሉ ትውጠዋለች።