የተማሪዎች ጋዜጣና የሠራተኞቹ አመራረጥ

ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሰደደ ወላጅ ከልጁ በሚደርሰው ወሬ ውስጥ፥ ስለ ትምህርቱና ስለ ጤንነቱ ከተነገረው ቀጥሎ፥ «በተማሪዎች ጋዜጣ ሥራ ልገባ ስሜን አስመዝግቤአለሁ» የሚል ቃል ያገኝ ይሆናል። አንዳንዱ አባት ይህን ሲሰማ ልጄ ጸሐፊ ሊሆንልኝ ነው ብሎ ደስ ይለዋል፤ አንዳንዱም ትምህርቱን ሊተውብኝ ነው ብሎ ይሠጋል። እናት ግን ብዙውን ጊዜ «ለመሆኑ ደመወዝ አለው?» ብላ ትጠይቃለች። ይህ ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለምና ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን የተማሪዎች ጋዜጣ ምን ዓይነት ቤት እንደ ሆነ፥ በውስጡም ማን ምን እንደሚሠራ፥ አዲስ ሠራተኛም በምን መንገድ እንደሚገባ ለቤተሰብ ሁሉ ግልጥ አድርገን ልንጽፍ ወደድን።

በጠቅላላው ከመናገር አንዱን መርጦ መመልከት ይሻላልና፥ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ ያለውን የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋዜጣ እንውሰድ። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ጋዜጣ የተመሠረተው በ1873 በጥር ወር ሲሆን የመጀመሪያ ስሙ ማጄንታ ነበር፤ ይኸውም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ቀለም ማለት ነው። በ1875 ኮሌጁ ምልክቱ የሆነውን ቀለም ክሪምዘን ወደሚባለው ደማቅ ቀይ በለወጠ ጊዜ ጋዜጣውም ስሙን አብሮ ለወጠና እስከ ዛሬ ድረስ ክሪምዘን እየተባለ ይጠራል። በ1883 ዕለታዊ ጋዜጣ ሆነ። ከ1915 ጀምሮም በፕሊምፕተን መንገድ ላይ የራሱ የሆነ የጡብ ቤት አለው። የሚመሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲው ሹሞች ይህን ጻፉ ያንን ተዉ ለማለት ሥልጣን የላቸውም፤ ስለዚህም ወጪውን የሚችለው በማስታወቂያ ዋጋና በወዳጆቹ ስጦታ ነው።

በውጭ ላለ ሰው የጋዜጣ ሥራ መጻፍ ብቻ ይመስለዋል። ወደ ቤቱ የገባ ግን የሚጽፉት ከሠራተኞቹ ከፊሎቹ ብቻ መሆናቸውን ያያል። በቤቱ ራስ ላይ ፕሬዚዳንት የሚባል ተማሪ አለ፤ በጋዜጣው ስም የሚናገረውና በመጨረሻ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የዝግጅቱ ኀላፊ ወሬ አቀባዮቹን ያሰማራል፤ የመጣውን ጽሑፍ ያስመረምራል፤ የሚወጣውንና የሚቀረውን ይለያል። ሦስተኛው የንግዱ ኀላፊ ነው፤ ገንዘብ እንዲገባና እንዳይባክን የሚጠብቅ ነው። ከእነዚህ በታች የወሬ፥ የስፖርት፥ የኪነ ጥበብ፥ የፎቶግራፍ፥ የገጽ አሰናጆች፥ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ክፍሎች አሉ።

ወሬ አቀባዩ በየመንገዱ የተገኘውን ሁሉ እየለቀመ አያመጣም። እረኛ መስኩ ተለይቶ እንደሚሰጠው ለእርሱም የሚጠብቀው ክፍል ይሰጠዋል፤ አንዱ የሕክምና ትምህርት ቤቱን፥ አንዱ የፖሊሱን፥ አንዱ የሠራተኞቹን ማኅበር ይይዛል። በያዘው ክፍል ያሉትን ሰዎች በስማቸው ማወቅ፥ ወሬ በሌለበትም ቀን እየሄደ መጠየቅ አለበት። ዓይን አፋር የነበረ ልጅ ከትልቅ ሹም ፊት ቆሞ «ይህን ያደረጉት ስለ ምን ነው?» ብሎ መጠየቅን የሚለማመደው በዚህ ሥራ ነው። የሚጠይቀው ሹም በሚቀጥለው ቀን አስተማሪው ሊሆን ይችላልና ጥያቄው ቀላል አይደለም።

አሳብ የሚጽፉት ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። እነርሱ ጉባኤ አድርገው በአንድ ነገር ላይ ይከራከራሉ፤ ድምፅም ይሰጣሉ፤ የበዛው ድምፅ የጋዜጣው አሳብ ሆኖ ይታተማል። በዚህ ላይ የምናደንቀው ሕግ አላቸው፤ በአንድ ጉዳይ ላይ አሳቡን የተናገረና ድምፅ የሰጠ ሰው ስለዚያ ጉዳይ ወሬ አይጽፍም። ይህንንም ሕግ ከጽሑፉ በታች ያትሙታል። ፈራጁና ምስክሩ አንድ ሰው እንዳይሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ በትልልቆቹም ጋዜጦች ዘንድ ሁልጊዜ ተጠብቆ የሚገኝ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ምስጋና የሚቀርበት እርማት አንባቢው ነው። የሰው ስም በተሳሳተ ፊደል የታተመ እንደ ሆነ፥ ጽሑፉ ምን ያህል ቢያምር ባለስሙ ከስሕተቱ በቀር ሌላ አይታየውም። እርማት አንባቢው ይህ እንዳይሆን ሌሊት ተቀምጦ ስሙን፥ ቀኑን፥ ቍጥሩን ያመሳክራል፤ ሥራው በደህና ሲፈጸም ማንም አያውቅለትም። ማስታወቂያ የሚሸጠውም እንዲሁ ነው። ከሱቅ ሱቅ እየዞረ «አንፈልግም» የሚል ቃል እየሰማ፥ ነገ ደግሞ ተመልሶ የሚሄድ ልጅ፥ አንድ መስመር ባይጽፍም ጋዜጣውን ያቆመው እርሱ ነው። እንግዲህ ልጃቸው ለጽሕፈት ያልተፈጠረ የሚመስላቸው ወላጆች፥ ሒሳብ የሚወድ ወይም ሥዕል የሚወድ ልጅ በዚህ ቤት ስፍራ እንዳለው ይወቁ።

ወደ አመራረጡ እንለፍ። በሐርቫርድ የመግቢያው ሥርዓት ኮምፕ ይባላል። ቃሉ ውድድር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቆርጦ የቀረ ነው። በየትምህርቱ ወቅት መጀመሪያ ቤቱ ለሁሉ ይከፈታል፤ የፈለገ ተማሪ ገብቶ የሚወደውን ክፍል ይመርጣል፤ ከዚህ በፊት ጋዜጣ ላይ ሠርተሃልን ብሎ የሚጠይቀው የለም። ከዚያ በኋላ ወቅቱን ሙሉ እየተማረ ይሠራል፤ ነባሮቹ ስለ ሥራው ሕግና ስለ አጠያየቅ ያስተምሩታል፤ የተቈጠረ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ይታዘዛል፤ የጻፈውም ከአዘጋጁ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ቃል በቃል ይታረምለታል። የመጀመሪያ ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ተሰርዞ ያየ ተማሪ ብዙ ጊዜ ያለቅሳል፤ ሁለተኛውን ይዞ የሚመለስ ግን ጋዜጠኛ ሊሆን ይጀምራል። በጥንት ጊዜ ከተወዳዳሪዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ ተመርጠው የቀሩት ይሰናበቱ ነበር። ዛሬ ግን የታዘዘውን ሁሉ የፈጸመ ይገባል፤ ስለዚህ ኮምፕ ማለት ውድድር ሳይሆን ብቃት ማለት ነው ብለው የሚተረጕሙት አሉ። እኛም የኋለኛውን ትርጓሜ እንመርጣለን።

በዚህ መንገድ ካለፉት ሁሉ ስማቸው የገነነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው፤ በ1945 በየካቲት ወር በግብፅ አገር በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ክዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ከቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ጋር የተገናኙት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማለታችን ነው። ሩዝቬልት ወደ ሐርቫርድ የገቡት በ1900 ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አባታቸው ሞቱ። እናታቸው ወይዘሮ ሣራ ሌላ ልጅ አልነበራቸውምና በኋላ ልጃቸውን በቅርብ ለማየት ብለው በክረምት ወራት ወደ ቦስተን መጥተው ቤት ይዘው ተቀመጡ። ወጣቱ ግን በኀዘኑ መካከል ለክሪምዘን ይወዳደሩ ነበር።

በ1901 በሚያዝያ ወር የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ወደ ቦስተን መጡ። ወጣቱ ዘመዳቸውን ለማየት ቢጠይቁ፥ እንግዳው በፕሮፌሰር ሎውል ክፍል ገብተው ለተማሪዎች ሊናገሩ መሆናቸውን ሰሙ። ፕሮፌሰሩ ነገሩን በምስጢር ይዘውት ነበር። በማግሥቱ ወሬው በክሪምዘን ታትሞ ወጣ፤ ከክፍሉ በር ላይም እጅግ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ተገኘ፤ ፕሮፌሰሩም ተቈጡ። በሰኔ ወር ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከአዘጋጆቹ እንደ አንዱ ሆነው ተመረጡ። በዚህ ነገር ላይ አሳባችንን ሳንሰውር እንናገራለን። ወሬው እውነተኛ ወሬ ነበር፤ ያገኙት ግን በድካም ብቻ ሳይሆን በዝምድና ነው። ምክትል ፕሬዚዳንት የሚዘመደው ተማሪ ስንት ነው? በብቃት ይለካል በሚባለው ሥርዓት ውስጥ እንኳ ዝምድና በጓሮ በር ይገባል ማለት ነው።

ኋላ ያደረጉት ግን የድካም ሥራ ነው። ለዲግሪ የሚያስፈልገውን ትምህርት በ3 ዓመት ፈጽመው በ1903 ቢመረቁም፥ የጋዜጣው ፕሬዚዳንት ሆነው እንዲሠሩ ብለው አንድ ዓመት ጨምረው ቈዩ። በርእሰ አንቀጾቻቸውም ተማሪው ለእግር ኳስ ጨዋታ ስለሚያሳየው ስሜት ብዙ ጻፉ፤ ደግሞም በማደሪያ ቤቶቹ የእሳት አደጋ መከላከያ እንዲበረታና በጭቃው ላይ የሳንቃ መሄጃ እንዲዘረጋ ተከራከሩ። የአገር ፖለቲካ ፈልጎ የሚያነብባቸው ብዙ አያገኝም። ነገር ግን ሳንቃው ካልተዘረጋ የሚረጥበው የአንባቢው እግር ነው።

በኮነቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ ያለው የዬል ዩኒቨርሲቲ ዕለታዊ ጋዜጣም የተመሠረተው በ1878 ነው። በዚያ የሚወዳደሩት ተማሪዎች ስማቸው ተረከዝ ከሚለው ቃል የወጣ ነበር፤ ከነባሮቹ ተረከዝ ኋላ የሚከተሉ እንደ ማለት ነው። ላመጡት ወሬና ለሸጡት ማስታወቂያ ነጥብ ይቈጠርላቸው ነበር፤ ብዙ ነጥብ ያገኘም ይመረጥ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብሪተን ሐደንና ሄንሪ ሉስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በዚህ መንገድ ገቡ። ሉስ በቻይና አገር የተወለደ የሚሲዮናዊ ልጅ ነበር፤ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ በነጻ ትምህርት የሚማር ስለ ነበረ ለጓደኞቹ ምግብ ያቀርብ ነበር። ሁለቱም የጋዜጣውን ሊቀ መንበርነት ፈለጉ፤ ያገኘው ሐደን ሆነ፤ ሉስም የዝግጅቱን ኀላፊነት ያዘ። ሳይቀያየሙ አብረው ሠሩ፤ በ1923ም ታይም የተባለውን ሳምንታዊ መጽሔት በአንድነት አቋቋሙ። ሐደን በ1929 ገና በ31 ዓመቱ ሞተ እንጂ ሽርክናቸው በረዘመ ነበር።

ወደ ሐርቫርድ እንመለስና፥ የበላዮቹ ሹሞች የሚመረጡት በየዓመቱ በኅዳር ወር ነው። ለሹመት የሚፈልግ ሰው ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይጽፋል፤ በተሰናባቾቹ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል፤ እነርሱም ተመካክረው ድምፅ ይሰጣሉ። ይህን ምርጫ የቱርኪ ተኩስ ይሉታል፤ ቱርኪ በዚያ ወር በምስጋና በዓል የሚታረደው ትልቅ ወፍ ነው። ስሙ ያስቃል፤ ሌሊቱን የደከመና ያልተመረጠ ልጅ ግን አይስቅም። ወላጅ በዚህ ወር ከልጁ ወሬ ቢጠፋበት ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እናት ጥያቄ ደረስን። ደመወዝ የለውም። ተማሪው በሳምንት ብዙ ሰዓት ይሠራል፤ ሌሊትም ይቈያል፤ የሚከፈለው ግን ስሙ ከጽሑፉ በላይ መታተሙ ነው። የሩዝቬልት እናት ባለጸጋ ስለ ነበሩ ልጃቸው ለጋዜጣ ብለው አንድ ዓመት ሲጨምሩ ዳቦ አላነሣቸውም። በቤተ መጻሕፍት ወይም በምግብ ቤት ሠርቶ ኪሱን የሚሞላ፥ ከዚያም ላይ ለታናናሾቹ የሚልክ ተማሪ ግን ሁለቱን አብሮ መያዝ አይችልም። ለሁሉ ክፍት ነው የሚባለው በር ለእንዲህ ያለው ልጅ ሳይዘጋ የተዘጋ ነው። ጉዳቱም የልጁ ብቻ አይደለም፤ ድህነትን የሚያውቅ በሌለበት የጋዜጣ ቤት ውስጥ ስለ ምግብ ቤቱ ሠራተኞች ደመወዝ የሚጽፈው ሰው ነገሩን ከሩቅ ያየዋል።

ክሪምዘን ለረጅም ዘመን የወንዶች፥ ይልቁንም የባለጸጎች ልጆች ቤት ሆኖ ኖሯል። ሴት ፕሬዚዳንት ያገኘው በ1970ዎቹ ነው፤ ጥቁር ሴት በራሱ ላይ የተቀመጠችው ደግሞ በ2019 ነው። ስለ ገንዘቡም ነገር መድኀኒት ፈልገዋል፤ ችግረኛ የሆነውና ሌላ ሥራ መያዝ የሚገባው አዘጋጅ ከጋዜጣው መደጎሚያ የሚያገኝበት ሥርዓት አለ። መልካም ሥራ ነው። ሆኖም መደጎሚያው መኖሩን ካላወቀ ልጁ ገና ሳይመዘገብ ይመለሳልና፥ በአዲስ ተማሪዎች ጉባኤ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት እርሱ ነው እንላለን።

ልጃቸው በየትም አገር እንዲህ ላለው ሥራ የሚመዘገብባቸው እናቶችና አባቶች «ተው» ወይም «ግባ» ከማለታቸው በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቁት ይበጃል፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድበት፥ የፈተናው ወራት ከጋዜጣው ሥራ ጋር ይጋጭ እንደ ሆነ፥ መደጎሚያም ይገኝ እንደ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቱ ከብዶት ጋዜጣውን ቢያቆየው የሚቀርበት የለም፤ በሐርቫርድ መግቢያው በመጸውና በጸደይ፥ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪም ይቀበላሉ።